ጭጋግ ላይ የተጣለ መንጠቆ

ጎሚስታ ነኝ እኔ፣ ደብረ ሲና ዳገት፣
ከቆሎ ሻጮቹ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት።
ሃያ ሦስት ዓመት የሌላውን መንገድ
በላስቲክ ስለጥፍ፣ በማስቲሽ ሳስኬድ፣
ዘንድሮ ለራሴ አንድ ጉዞ አማረኝ፤
ኑሩ ነው በወሬ መጥቶ ያጠመደኝ።

ኑሩ ተሳቢውን ከሸዋ ሮቢት ሲያወጣ
ጎማው ተንፍሶበት እኔ ጋ ሲመጣ፣
ክሪኩ እስኪነሣ በርሜል ላይ ተቀምጦ፣
"ታጁራ ዳር" አለኝ፣ "ዓሣው፣" ክንዱን ገልጦ፣
"ይህን ያህላል።"

እኔ የማውቀው ዓሣ የሮቢ ወንዝ አምባዛ፣
ጢማም፣ ትል ባየ ቁጥር ቂልነት ያበዛ።

በዚያው ማታ ሰኔን ከቀን መቁጠሪያው ገንጥዬ
በጀርባው ጻፍኩበት እርሳሴን ስዬ፦
ጨው ውኃ መንጠቆ ይበላል ወይ?
ባሕሩ ሲመጣ፣ ሲሄድ፣ ከሩቅ ይታያል ወይ?
በቀን ሁለቴ አሉ፣ ወጥቶ ይገባል በፈረቃ፣
እንደ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ፤
ደውል አለው?
በማያውቁት ዳርቻ የት ይቆማል ሰው?
ድንጋዩ ያዳልጣል? አሸዋው ይሰምጣል?
ትል ይወዳል ዓሣው፣ ወይስ ዓሣን ዓሣ ይውጣል?

ዘነበወርቅ በትከሻዬ በላይ አንብባ፣
"ብቻ" አለች፣ "ተመለስ፣ ፍልሰታ ሳይገባ፤
ዓሣ ይበላል፣ አይበላም፣ በሚሉት ክርክር
ጎረቤቱ ሁሉ ደጄ ላይ እንዳያድር።"
ከዚያም ዝም ብላ እርሳሱን ወሰደች፣
ከታች ባንድ ጥግ ላይ "ቅባት" ብላ ጻፈች፣
ከሱም ሥር አነስ አድርጋ፦ "ዋና አይችልም።"
ለማን እንደጻፈችው እስካሁን አልገባኝም።

ክፋቱ፣ ክረምት እዚህና እዚያ አንድ አይደል፦
እኛ ጋ ሐምሌ ጭጋግ፣ ጭቃ፣ ገደል፣
በቀን መብራት አብርቶ የሚሄድ አውቶቡስ፣
ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅ ልብስ።
እዚያ ግን፣ ይላል ኑሩ፣ ሐምሌ ድንጋይ ያበስላል፣
ነፋሱ አሸዋ አዝሎ ዓይን ውስጥ ይጥላል፣
አጥማጅ ሌሊት ይወጣል፣ ቀን ጥላ ሥር ይተኛል።
"ታኅሣሥ ቢሆንስ?" አልኩት።
"አጨዳ ሲያልቅ ጭነት ይበዛል፤
ያኔ ሱቅህን ማን ይዘጋል?"

እሑድ ረፋድ ላይ ጣርማ በር ወጥቼ፣
ከጫፉ ድንጋይ ላይ እግሬን አጽንቼ፣
አየሁ፦ ማሳው፣ ባሕር ዛፉ፣ መንደሩ
በጭጋግ ተውጦ፣ ጠፍቶ ነበር ዳሩ፤
ነጭ ነው፣ ቀስ እያለ የሚተነፍስ።
ባሕር አላየሁም፤ ግን ይህን ቢመስልስ?
ሸምበቆዬን ይዤ ወደ ኋላ ስቤ
ሲባጎውን ለቀቅኩት በሙሉ ልቤ።
ሄደ። ሄደ። ውኃ አልጮኸም ከታች።
ከዚያ ክሩ ተወጠረ። ልቤ ቀጥ አለች።
ሳብኩ፤ እምቢ አለ፤ ሳብኩ፤ ድምፅ ወጣ፦
"ኧረ ማነህ አንተ፣ ጋቢዬን!" የሚል ቁጣ።
ታየልኝ ነው፣ በአቋራጩ ሲመጣ።
ለቀዳዳው ካሣ ሻይ በዳቦ ከፈልኩ፤
"ግን ጥሩ ወረወርክ" አለኝ፤ ይህን ይዤ ዋልኩ።

ካሮጌ ቸርኬ ላይ የባላንስ እርሳስ ነቅዬ
ለክር ክብደት ይሆናል ብዬ
በጣሳ አኖርኩ። መንጠቆዎቹን ግራሶ ቀባሁ
(ዘነበወርቅ ያለችው ቅባት ይህ ይሁን የፊት፣ አልጠየቅኳት፣ ፈራሁ)።
አንድ ከመነዳሪ፣ ሦስት ቦታ የተለጠፈ፣ ነፋሁ፤
ከበርሜሉ ውኃ ነክሬው ጆሮዬን አስጠጋሁ፣
አረፋ ፈለግኩኝ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ቆየሁ።
ሃያ ሦስት ዓመት ለሰው የለጠፍኩትን
ገና አሁን ጠየቅኩ መጽናት አለመጽናቱን።

ትናንት ማታ ኑሩ ደወለ፦
"ሰኞ ሌሊት በዘጠኝ። ወረቀትህን ያዝ፣ ኬላው ላይ ይጠየቃል፤
ሹራብህ እስከ ሚሌ ነው፣ ከዚያ ይወልቃል።"
"ጃንጥላስ?" አልኩት፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ እየዘለለ።
ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ኔትወርኩ ድርቅ አለ።
ጃንጥላው ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ።